ድህነት ቆጣሪዎችና ነጋድራስ ገብረ ሕይወት

ለመሆኑ በዚህ አገር ድህነት ስንት ነው? ጥያቄውን ለአንድ የኢኮኖሚ ባለሙያ ብታቀርቡለት መልሱ ዝግጁ ነው። በ1988 ዓ.ም. ከመቶ 45.5 ነበር፤ በ2003 ወደ 29.6፣ በ2008 ደግሞ ወደ 23.5 ወረደ ይላችኋል። እኔም በዩኒቨርሲቲ የማስተምር ነኝና ቁጥሩ እንዴት እንደሚሰላ አውቃለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ ድህነቱን የሚፈጥረው ምንድን ነው? ማንስ ይጠቀምበታል?

ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በአማርኛ አጥብቆ የጠየቀ ሰው ነበረን፤ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ። በ1878 ዓ.ም. ዐድዋ አካባቢ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ ከምጽዋ በመርከብ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፤ በኦስትሪያውያን ቤተሰብ እጅ አድጎ በርሊን ላይ ሕክምና ተማረ። ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ለስደት ተዳርጎ ሱዳን ተቀመጠ። ኋላም የምድር ባቡር ተቆጣጣሪ፣ የድሬዳዋም ነጋድራስ ሆነ። በ1911 ዓ.ም. ሞት ሲቀድመው ዕድሜው ገና 33 ነበር። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለው መጽሐፉ የታተመው ካረፈ በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው።

ሕክምና የተማረ ሰው ትኩሳት ለክቶ ብቻ አይሄድም፤ የበሽታውን ምንጭ ይፈልጋል። ገብረ ሕይወትም ያደረገው ይህንኑ ነው። ገበሬው ድሀ የሆነው ሰነፍ ስለሆነ ነው አላለም። የደከመበትን ወታደርና ሹም የሚበላበት ገበሬ አብልጦ የሚያርስበት ምክንያት የለውም አለ። ግብሩ ቁርጥ ይሁን፣ የንጉሡ ገንዘብ ከመንግሥት ገንዘብ ይለይ፣ በአገር ውስጥ ንግድን የሚያንቁት ኬላዎች ይነሡ፣ ሕዝቡ ይማር ሲል መከረ። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ነጻነቱ ሙሉ እንዳልሆነም አስጠነቀቀ። ይህን ሲጽፍ የዛሬዎቹ የልማት ንድፈ ሐሳቦች ገና አልተወለዱም ነበር።

እስኪ ይህን መነጽር ይዘን ከጎንደር ወደ ጣና እንውረድ። ኮላ ድባ የደምቢያ ገበያ ናት። በዙሪያዋ ያለው ሜዳ ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅል፣ ለምነቱ ከጥንት የተመሰከረለት ምድር ነው። የደምቢያ ገበሬ ድሀ ከሆነ መሬቱን መውቀስ አይቻልም። እንግዲያስ ማንን እንጠይቅ? በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ጠፍቶ የአማራ ክልል ገበሬዎች አቤት ለማለት ባሕር ዳር ድረስ ሄደዋል። እህል የጫነ መኪና በየመንገዱ ስንት ቦታ እንደሚቆም፣ በየቦታውም ምን እንደሚከፍል ሾፌሮችን መጠየቅ ይበቃል። ገብረ ሕይወት ይነሣ ያለው ኬላ ስሙንና ባለቤቱን ለውጦ ቆሟል። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ ክልሉን ያመሰው ጦርነት ሲታከልበት፣ የገበሬው ልፋት ስንት እጅ እንደሚዳረስ አስቡት።

የእኛ ጥናት ይህን ያያልን? በ2008ቱ ስሌት የድህነት ወለል ለአንድ አዋቂ ሰው በዓመት 7,184 ብር ነበር፤ በቀን 20 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ከዚያች መስመር በጥቂት ብር ከፍ ያለ ሰው «ከድህነት ወጣ» ተብሎ ይመዘገባል። በማግስቱ በሬው ቢሞትበት ወይም መንገድ ቢዘጋበት ተመልሶ የሚወርድ መሆኑን ያቺ አንዲት ቁጥር አትናገርም።

«ሳይለኩ እንዴት ይታወቃል?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ መለካት ያስፈልጋል። ያለ ቁጥር የሚናገር ባለሥልጣን የፈለገውን ይላል። ነገር ግን መለኪያ የሕክምና መጀመሪያ እንጂ ሕክምናው አይደለም። መቶኛ ስንቆጥር ኖረን ስለ ኬላው፣ ስለ ማዳበሪያው አከፋፈልና ስለ ደላላው ድርሻ ዝም ካልን፣ ዝምታችን ራሱ ወገን ይዟል ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ገብረ ሕይወት ጀርመንኛ አቀላጥፎ እያወቀ የጻፈው በአማርኛ ነው፤ የሚያነቡት የአገሩ ሰዎች እንዲሆኑ ፈልጎ። እኛስ? የደምቢያን ገበሬ ከሥራው አስቀምጠን ስለ በሬው፣ ስለ ጎተራው፣ ስለ ልጆቹ እንጠይቀዋለን። ከዚያ መልሱን በእንግሊዝኛ ጽፈን ለውጭ መጽሔት እንልካለን። ማዕረጉ የእኛ ነው፤ እርሱ ግን ስለ ራሱ የተጻፈውን አንድም ቀን አያነብም።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በገበሬ ላይ የተሠራ ጥናት ሁሉ በገበሬው ቋንቋ ተጽፎ፣ ለቀበሌው ተነብቦ፣ «እውነት ነው ወይስ አይደለም?» ተብሎ ይጠየቅ። ከገበሬው ጎተራ እስከ ከተማ ገበያ ባለው መንገድ ማን ምን ያህል እንደሚወስድ በግልጽ ይጻፍ። ድህነትን እንቀንሳለን ከማለት በፊት ምንጩን ማወቅ ይቀድማል፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ማለት ይኸው ነው።

ቸር ይግጠመን።