እንጨት የምታጥበው እናት

ወጣቶች ሆይ! በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አንድ መምህር የእንጨት ምስል በሥዕል እያሳየ፥ «እነሆ፥ እንጨት የሚያመልኩ ሰዎች» ቢለን ሁላችንም ሳቅን። እኔም መምህር ከሆንሁ በኋላ ያንኑ ቃል ለተማሪዎቼ ብዙ ዘመን ደገምሁት። ዛሬ ያ ሳቅ ያሳፍረኛል። እናንተም ሳትመረምሩ ወርሳችሁት ስትስቁ ብሰማ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ምስሉ ኤሬ ኢቤጂ ይባላል። በደቡብ ምዕራብ ናይጄርያ የሚኖረው የዮሩባ ሕዝብ መንታ በብዛት በመውለድ በዓለም የታወቀ ነው። ቀድሞ የሚወለደው ታይዎ፥ ተከትሎ የሚወለደው ኬሂንዴ ይባላል፤ ታላቅ የሚባለው ግን ኬሂንዴ ነው፤ ዓለምን ቀምሶ እንዲያይለት ታይዎን አስቀድሞ ላከው ይላሉና። የሁለቱ ነፍስ የተቆራኘ ነው ተብሎ ስለሚታመን አንዱ ሲሞት ሌላው እንዳይከተለው ይፈራል። በዚህ ጊዜ ወላጆቹ ባባላዎ ወደሚሉት አዋቂ ይሄዳሉ፤ እርሱም ሲያዝዝ ጠራቢው ከስንዝር ጥቂት የሚበልጥ ምስል ይጠርባል። የሞተው ሕፃን ነው፤ ምስሉ ግን ሙሉ ሰው ነው፤ ሊደርስበት የሚገባውን ዕድሜ እንደ ደረሰ ሆኖ ይቀረጻል። እናቲቱም ታጥበዋለች፥ ቀይ የእንጨት ዱቄት ትቀባዋለች፥ ፀጉሩን በሰማያዊ ቀለም ታስጌጣለች፥ ዶቃ ታስርለታለች፥ በሕይወት ያለው ልጅ ሲበላም ለእርሱ ታቀርብለታለች። ከመታጠብ ብዛት ዓይኑና አፍንጫው የጠፋ ምስል አለ።

ፈራጁ ግን «ጣዖት ነው» ብሎ ይደመድማል። እርግጥ ነው፥ በዮሩባ ዘንድ መንታ ሀብትንም መከራንም ያመጣል ተብሎ ይታመናል፤ ምስሉም የሚከበረው በከፊል ከዚህ ፍርሃት የተነሣ ነው። እኔ ክርስቲያን ነኝና ይህን እምነት አልጋራም፤ አልሸፍነውምም። ነገር ግን ፍርሃቱን አይቶ ኀዘኑን ያላየ ሰው በአንድ ዓይኑ ብቻ የሚፈርድ ነው።

ይህም በኋላ በሆነው ነገር ይታወቃል። ከዮሩባ ብዙዎቹ ክርስቲያንና እስላም ሆኑ፤ በ20ኛው መቶ ዓመትም በእንጨቱ ፈንታ የፕላስቲክ አሻንጉሊትና ፎቶግራፍ መጣ። መንታዎቹ አብረው ሳይነሡ አንዱ የሞተ እንደ ሆነ፥ ፎቶግራፍ አንሺው በሕይወት ያለውን ልጅ ሁለት ጊዜ አትሞ ጎን ለጎን ያስቀምጠዋል። ሟቿ ሴት፥ የቀረው ወንድ ከሆነ ደግሞ እርሱኑ የእኅቱን ልብስ አልብሶ ያነሣዋል። ይህንንስ ጣዖት ትሉታላችሁን? እንግዲያው በለቅሶ ቤት የልጇን ፎቶግራፍ በደረቷ ታቅፋ የምታነባውን ጎረቤታችሁን ምን ልትሏት ነው?

ከሚስቁት ይልቅ የሚከፉ ሌሎች አሉ፤ እነርሱም የገዙት ናቸው። «ጣዖት ነው» ተብለው ካፈሩ ቤቶች የወጡ ብዙ ምስሎች ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። የእኛ ዓይነቱ ሳቅ ለነጋዴው መንገድ ጠርጎለታል። ያ በእናት እጅ የለሰለሰ ፊት አሁን ለሰብሳቢው የዋጋ መጨመሪያ ነው፤ ይበልጥ የጠፋው ይበልጥ ይወደዳል! ከመስተዋቱ በታች ባለው ወረቀት ብዙ ጊዜ የሕዝቡ ስም አለ፥ የአገሩ ስም አለ፥ ዘመኑም በግምት ተጽፏል። ታይዎ ይሁን ኬሂንዴ ግን አይናገርም።