እንቅልፍ የሚነሳ ፖለቲካ

የፖለቲካ ጭንቀት ምርጫ፣ የመንግሥት ውሳኔ፣ ግጭት ወይም የሥልጣን ሽኩቻ በሰው አእምሮና አካል ላይ የሚያሳድረው የማይለቅ ስጋት ነው። ምልክቶቹ ከሌላው ጭንቀት ብዙም አይለዩም፦ እንቅልፍ ማጣት፣ የልብ መምታት፣ የሆድ መታወክ፣ የአንገትና የትከሻ መወጠር፣ በሆነ ባልሆነው መቆጣት፣ ሥራ ላይ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል። የሚለየው መነሻው ነው። በሕክምና መመሪያዎች ውስጥ ራሱን የቻለ በሽታ ተብሎ አልተመዘገበም፤ በፖለቲካ የሚጨነቅ ሰው ሁሉ ታማሚ አይደለም። ይልቁንስ የሚያሳስበው አገሩ ስትታመስ ምንም የማይሰማው ሰው ነው።

ጉዳዩ በስፋት የተጠናው በአሜሪካ ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በሚያካሂደው ዓመታዊ ዳሰሳ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የፕሬዚዳንት ምርጫው ጭንቀት ሆኖብናል ያሉት አዋቂዎች 52 በመቶ ነበሩ። በ2020 ወደ 68፣ በ2024 ወደ 69 በመቶ ከፍ አሉ። በዋሽንግተን አካባቢ ባለትዳሮችን የሚያማክሩት ስቲቨን ስቶስኒ በ2016 «የምርጫ ጭንቀት ሕመም» የሚል ስም አወጡለት፤ ስሙ ጋዜጦች ላይ ናኘ እንጂ ሐኪሞች አልተቀበሉትም። የኔብራስካ ዩኒቨርሲቲው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ኬቨን ስሚዝና ባልደረቦቻቸው በ2019 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ነገሩ ጓዳ ድረስ መግባቱን አሳይቷል። ከተጠየቁት ሰዎች ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት ፖለቲካ ያስጨንቀናል ብለዋል፤ ከአምስቱ አንዱ እንቅልፍ አጥቷል፣ ከአምስቱ አንዱ ወዳጅነቱ ተበላሽቶበታል። እነዚህ ቁጥሮች ሰዎች ስለ ራሳቸው የተናገሩት እንጂ የምርመራ ውጤት አይደሉም፤ ቢሆንም ችላ የሚባሉ አይደሉም።

ፖለቲካ ከቤት ኪራይና ከአለቃ ጭንቀት የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንድ ሰው ብቻውን ውጤቱን የመለወጥ አቅሙ ትንሽ ነው፤ ነገሩም ማብቂያ የለውም። የቤት ኪራይ ሲከፈል ወሩ ያልፋል፤ የምርጫ ማግስት ግን የሚቀጥለው ሽኩቻ መጀመሪያ ነው። ይህን እርግጠኛ ያለመሆን ስሜት ሰው የሚያስታግሰው ዜና በመከታተል ነው። ስልኩን ከፍቶ አዲስ ነገር አለመኖሩን ሲያይ ለደቂቃዎች ይረጋጋል፤ ከዚያ ደግሞ የሆነ ነገር ያመለጠው ይመስለውና መልሶ ይከፍታል። እፎይታው አጭር ስለሆነ ልማዱ ይጠነክራል። በ2013 በቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ የተደረገ ጥናት፣ በቀጣዩ ሳምንት በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለ ጥቃቱ የተከታተሉ ሰዎች በቦታው ከነበሩት ይልቅ የበረታ የውጥረት ምልክት እንደታየባቸው ደርሶበታል። ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ በሚኖር ኢትዮጵያዊ ላይ ይህ ልማድ ይብሳል፤ እሱ ሊተኛ ሲል አዲስ አበባ ይነጋልና፣ የቀኑ ወሬ የሚጀምረው አልጋው ላይ ነው። ደህና ቦታ ሆኖ መጨነቁ ራሱ ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ለማንም አይናገርም።

የንግግር ሕክምና፣ በተለምዶ ቴራፒ የሚባለው፣ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በስፋት የሚሠራበት ዘዴ አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ በ1960ዎቹ ከጀመሩት ሥራ የመጣ ሲሆን፣ ሐሳብን፣ ስሜትንና ድርጊትን አያይዞ ይመረምራል። ታካሚው «እነዚህ ሰዎች ካሸነፉ አበቃልን» ብሎ ሲመጣ ጥሩ ቴራፒስት «የለም፣ ምንም አይሆንም» አይለውም። ያንን ቤተሰቡም ብሎታል፤ አልጠቀመውም። የሚጠይቀው ዝርዝሩን ነው፦ የሚያበቃው ምንድን ነው? በማን ላይ? መቼ? ምን ማስረጃ አለ? ከዚህ ውስጥ የአንተ እጅ የሚደርሰው የትኛው ነው? ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2022 ለኢትዮጵያውያን በተፈቀደውና ቲፒኤስ በሚባለው የአሜሪካ ጊዜያዊ የመኖሪያ ከለላ ኑሮውን የመሠረተ ሰው በአሜሪካ ፖለቲካ ቢጨነቅ በከንቱ ፈራ አይባልም፤ ዕጣው በአንድ ፊርማ ሊወሰን ይችላል። ነገር ግን «ሊያባርሩን ነው» እያሉ ማደርና የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሮ ሌላ መንገድ መኖር አለመኖሩን ማወቅ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሌሊቱን ይበላል፤ ሁለተኛው ቀጠሮ አለው፣ ወረቀት አለው፣ ያልቃል።

መላ የሌለው ሐሳብስ? ለዚህ ቶማስ ቦርኮቬክ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ1983 ያቀረቡት ዘዴ እስካሁን ይሠራበታል። ሰውየው በየቀኑ በተመሳሳይ ቦታና ሰዓት ለግማሽ ሰዓት ያህል እንዲጨነቅ ይታዘዛል። በሌላ ጊዜ ሐሳቡ ሲመጣበት በወረቀት ይጽፈውና ለቀጠሮው ያቆየዋል። ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። የሚጠቅመው ግን «አትጨነቅ» ከሚለው ምክር በተቃራኒ ሐሳቡን ስለማይከለክለው ነው፤ የሚከለከል ሐሳብ ይበልጥ ይመላለሳል። ሰዓቱ ሲደርስ ከተጻፈው ውስጥ አንዳንዱ ጉልበቱን አጥቶ ሊገኝ ይችላል። ዜና ላይም ያው ነው፦ ሙሉ በሙሉ ከማቆም ይልቅ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ከመኝታ በፊት ግን በፍጹም።

የሥነ ልቦና ምሁሩ ስቲቨን ሄይስ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያዳበሩት ሌላ ዘዴ ጭንቀቱን ከመዋጋት ይልቅ አብሮት እየኖሩ ለሚያምኑበት ነገር መሥራትን ያስተምራል። ለፖለቲካ ጭንቀት ይህ ሳይስማማ አይቀርም፤ ስጋቱ ብዙ ጊዜ እውነት ስለሆነ ተከራክሮ የሚረታ አይደለምና።

ሁሉም ነገር የሚቆመው ግን በእምነት ላይ ነው። አማካሪው ከየትኛው ወገን ነው የሚለው ጥያቄ ለአሜሪካዊው ስለ ፓርቲ፣ ለኢትዮጵያዊው ደግሞ ስለ ብሔርም ጭምር ነው። ሁሉም በሚተዋወቅበት አነስተኛ የስደተኛ ማኅበረሰብ ውስጥ አስተርጓሚው ራሱ የጎረቤት ዘመድ ሊሆን ይችላል። ሕክምና የፈለገ ሰው ስለ ምሥጢር አጠባበቅ በመጀመሪያው ቀን ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ በጥያቄው ቅር የሚሰኝ ባለሙያ ካጋጠመው ሌላ ይፈልግ።

በዚህ ሕክምና ላይ የሚነሳው ከባድ ተቃውሞ ዜጋን ያደነዝዛል የሚል ነው። መሠረተ ቢስ አይደለም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲዋ ብሬት ፎርድና ባልደረቦቿ በ2023 ባሳተሙት ጥናት ፖለቲካ የቀሰቀሰባቸውን መጥፎ ስሜት ማብረድ የቻሉ ሰዎች ደኅንነታቸው ቢሻሻልም ለፖለቲካዊ ተሳትፎ ያላቸው ፍላጎት ቀንሶ ተገኝቷል። በኤልሳልቫዶር ያስተምሩ የነበሩትና በ1989 በወታደሮች የተገደሉት የሥነ ልቦና ምሁርና ካህን ኢግናሲዮ ማርቲን-ባሮም፣ ጭቆና ያመጣውን ስቃይ የግለሰብ ችግር ብቻ አድርጎ ማከም እውነቱን መሸፈን ነው ብለው ይሟገቱ ነበር። ስለዚህ የሕክምናው መለኪያ መረጋጋት ብቻ ሊሆን አይገባም። እንቅልፉ የተመለሰለት ሰው ድምፁን ለመስጠት፣ ስብሰባ ለመሄድ፣ የተፈናቀለ ለመርዳት አቅም ካላገኘ ግማሽ ሥራ ነው የተሠራው። ጥይት በሚጮህበት አካባቢ ላለ ሰው ደግሞ የሚቀድመው ደኅንነት፣ ምግብና መጠለያ ነው፤ እዚያ ፍርሃት ሕመም አይደለም።

ባለሙያ በሌለበት ምን ይደረጋል ለሚለው ጥያቄ ከተሰጡት መልሶች ጠንካራው የመጣው ከዚምባብዌ ነው። በ2005 የሮበርት ሙጋቤ መንግሥት በከተሞች ውስጥ «ሕገወጥ» ያላቸውን ቤቶችና ሱቆች አፈረሰ፤ እንደ ተባበሩት መንግሥታት ግምት 700 ሺህ ያህል ሰው መኖሪያውን ወይም መተዳደሪያውን አጣ። በማግስቱ ዓመት የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ በሐራሬ ምባሬ ሰፈር ለአረጋውያን ሴቶች መሠረታዊ የምክር ሥልጠና ሰጥተው፣ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ እያስቀመጡ ሰው እንዲያነጋግሩ አደረጉ። አሮጊቶቹ አይፈርዱም፤ ያዳምጣሉ፣ ከችግሮቹ አንዱን ያስመርጣሉ፣ መፍትሔውን ከሰውየው ጋር ይፈልጋሉ። በ573 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2016 የታተመ ጥናት ከስድስት ወር በኋላ የጭንቀትና የድባቴ ምልክቶች በግልጽ መቀነሳቸውን አረጋግጧል።

በኢትዮጵያ ለረጅም ጊዜ የነበረው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ ነበር፤ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ትብብር ነው። የባለሙያው ቁጥር አሁንም ከሕዝቡ ጋር አይመጣጠንም። የንስሐ አባት፣ እድርና የቡና ጎረቤት ግን በየሰፈሩ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች የማዳመጥ ሥልጠና መስጠት ከአዲስ ሆስፒታል ግንባታ በእጅጉ ይረክሳል፤ ጤና ሚኒስቴርና የሃይማኖት ተቋማት ሊሞክሩት ይገባል።

እንቅልፍ ማጣቱና ስጋቱ ለሳምንታት ከዘለቀ፣ ሥራና ቤተሰብን ካወከ ወይም በመጠጥና በጫት ማስታገስ ከተጀመረ ባለሙያ ማየት ያስፈልጋል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም። ሰውየው ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ይወሰድ፤ አሜሪካ የሚኖር ከሆነ በ988 በማንኛውም ሰዓት መደወል ይችላል።