ያሸነፈ ያዘጋጅ

በኛ ዶርም ድምፅዋ የሚያምር አንዲት የባቱ ልጅ አለች። አምና ለአንድ የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ ከአዳማ አዲስ አበባ ሄደች። የትራንስፖርቱን ያዋጣነው እኛ ነን። ቀኑን ሙሉ ተሰልፋ፣ አንድ ደቂቃ እንኳን ሳትዘፍን «ይበቃል» ተባለችና ማታ ተመለሰች። የከነከነኝ መውደቋ አይደለም፤ ዳኛ ሊጥል ይችላል። መንገዱ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑ ነው።

ከኢትዮጵያን አይዶል ጀምሮ እስከ ባላገሩ አይዶልና ፋና ላምሮት ድረስ ያየናቸው ውድድሮች ከየቦታው ድምፅ ፈልገው አምጥተዋል፤ ይሄ አይካድም። መድረኩ የሚደምቀው ግን መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ነው።

እዚህ ላይ ዩሮቪዥን የሚባለውን የአውሮፓ የዘፈን ውድድር ላንሳ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1956 ሲጀመር ያልነበረ፣ በኋላ ግን የጸና ልማድ አለው፤ ዘንድሮ ያሸነፈ አገር የከርሞውን ያዘጋጃል። በ2018 እስራኤል ሊዝበን ላይ አሸነፈች፤ የ2019ኙ ቴል አቪቭ ሆነ። እዚያ ደግሞ ኔዘርላንድ አሸነፈችና ተራው ለሮተርዳም ደረሰ። ወደ ሮተርዳም እንዲሄዱ ከተመረጡት ዘፋኞች አንዷ ኤደን አለነ ነበረች፤ ወላጆቿ ከኢትዮጵያ እስራኤል የገቡ ናቸው። «ፍቅር ልቤ» የተባለው ዘፈኗ አማርኛ ነበረበት። ምን ዋጋ አለው፣ በ2020 ኮሮና ውድድሩን አሰረዘው። በ2021 የአምናውን ዘፈን ይዞ መቅረብ ስላልተፈቀደ በሌላ ዘፈን ወጥታ 17ኛ ሆነች። አማርኛው ያን መድረክ ሳይረግጥ ቀረ፤ እኔን አሁንም ይቆጨኛል።

ታዲያ እኛስ ለምን ተራ አናዞርም? አሸናፊው የሻሸመኔ ልጅ ከሆነ የሚቀጥለው ፍጻሜ ለምን ሻሸመኔ አይሆንም? ኦሮምኛ የሚዘፍን ተወዳዳሪ ግጥሙን ቃል በቃል በሚሰማ ሕዝብ ፊት ይቆማል። የከተማው ድምፅ አቀናባሪ፣ ካሜራ ሠሪ፣ የባህል ልብስ ሰፊ ሁሉ ሥራ ያገኛል።

ወጪውስ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሉክሰምበርግ በ1972 እና በ1973 ተከታትላ ብታሸንፍም የ1974ቱን አላዘጋጅም ስላለች ውድድሩ እንግሊዝ አገር፣ ብራይተን ሄደ። ግን መላ አይጠፋም። ዩክሬን በ2022 አሸንፋ በጦርነቱ ምክንያት ማዘጋጀት ሲያቅታት፣ በ2023 ሊቨርፑል በዩክሬን ስም አዘጋጀች። እኛ ጋ ደግሞ አዳማ ገልማ አባ ገዳን የመሰለ አዳራሽ አላት። የፍጥነት መንገዱ በ2014 ከተከፈተ ወዲህ ካሜራ ጭኖ ከአዲስ አበባ መምጣት ይሄን ያህል የሚያስጨንቅ አይደለም።

ይህን ለባቱዋ ልጅ ስነግራት፣ «እኔ ባሸንፍስ? ባቱ ያን የሚያህል አዳራሽ የት አላት?» ብላ ሳቀችብኝ።

«አዳማ በባቱ ስም ታዘጋጃለቻ!» አልኳት።

«እንግዲያው የትራንስፖርቱን እንደገና አዋጡልኝ» አለች።