ጠላት በዘበኛው ቤት ሲያድር

የሰሊጥ አጨዳ ወቅት ሲደርስ ከድብ ባሕርና ከአካባቢዋ ብዙ ወጣቶች ለቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ይወርዳሉ። እኛ መምህራንም በዚያ ሰሞን የክፍላችን ወንበር ሲሳሳ እናያለን። ሐላል እንጀራ ፍለጋ መውጣት የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ወጣቱ ከገንዘቡ ጋር ሳያውቀው ይዞት ሊመለስ የሚችል በሽታ አለ። እርሱም ካላ አዛር ነው።

የበሽታው መንስኤ ሌይሽማኒያ የተባለ፣ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ ነው። የምታስተላልፈውም ከትንኝ የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት የአሸዋ ዝንብ ናት። በቆላው በተሰነጣጠቀ ጥቁር አፈርና በግራር ዛፍ አካባቢ ትገኛለች፤ የምትነክሰውም በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሰውነታችን ውስጥ ዘበኞችን አኑሯል፤ ነጭ የደም ሴሎች ይባላሉ። ከእነርሱ መካከል አንዱ ዓይነት ባዕድ ነገር ሲያገኝ ውጦ ይፈጨዋል። ብዙ ጀርሞች ከዚህ ዘበኛ ለማምለጥ ይጥራሉ። ሌይሽማኒያ ግን አይሸሽም፤ ይዋጣል። ከተዋጠ በኋላ ቅርፁን ለውጦ፣ የሚፈጨውን ፈሳሽ ተቋቁሞ እዚያው ይራባል። ዘበኛው ለጓደኞቹ የሚልከውን የድረሱልኝ መልእክትም ያዳክማል። በመጨረሻ ዘበኛው ሲፈነዳ የወጡትን ተውሳኮች ሌሎች ዘበኞች ይውጧቸዋል። ነገሩ እንዲህ እየተደጋገመ ወደ ጣፊያ፣ ወደ ጉበትና ወደ መቅኔ ይዛመታል።

መቅኔ ደም የሚመረትበት ስፍራ ነው። እርሱ ሲጎዳ ደም ያንሳል፤ አዳዲስ ዘበኞችም ይመናመናሉ። በዚህ ጊዜ የሳንባ ምችና ሌሎች በሽታዎች በቀላሉ ይገባሉ። ካላ አዛር ካልታከመ ከ100 ሕሙማን ከ95 በላይ የሚሆኑትን ለሞት ይዳርጋል።

ኤች አይ ቪ ደግሞ ዘበኞቹን የሚያስተባብሩትን ሴሎች ያጠፋል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያበረታል፤ ካላ አዛሩም ከታከመ በኋላ ሊያገረሽ ይችላል። ስለዚህ ካላ አዛር የተገኘበት ሰው የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲያደርግ ሲጠየቅ ሊያፍር አይገባም።

በ1997 ዓ.ም. ከቆላው በራቀው በሊቦ ከምከም ወረዳ የካላ አዛር ወረርሽኝ መኖሩ ታወቀ። አስቀድሞ ግን የብዙ ሕሙማን ትኩሳት ወባ ነው ተብሎ ነበር። በሽታውን ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረም ይገመታል። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም፣ ደገኛ መሆንም ብቻውን አያድንም።

ስለዚህ እናቶችና አባቶች ሆይ! ከቆላ የተመለሰ ልጃችሁ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳ፣ ከገረጣ፣ በግራ ጎኑ ጣፊያው ካበጠ፣ የወባ መድኃኒት ወስዶም ካልተሻለው ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። የት ሲሠራ እንደቆየም ለባለሙያው ንገሩ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የተቋቋመ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ። በአገራችን በስፋት ሲሰጥ የቆየው የሁለት መድኃኒቶች መርፌ 17 ቀናት ይወስዳል፤ ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ አደገኛ ነው።

እናንተም ወጣቶች፣ አጎበር ሳትይዙ አትውረዱ። ከግራር ሥርና በተሰነጣጠቀ መሬት ላይ አትተኙ። ዱዓና ሩቅያ አይቅሩ፤ ግን ሕክምናን አያዘግዩ። ሰበብን ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጋጭምና። አላህ ልጆቻችንን በሰላም ይመልስልን።