ከጎሉ በፊት ውሉ

የበረዶ ሆኪ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ጥርሱ የወለቀ ተጫዋች? በዱላና በቡጢ የሚፋለሙ ጎረምሶች? እኔን የሚገርመኝ ግን ውላቸው ላይ የነበረች አንዲት አንቀጽ ናት።

እ.ኤ.አ. በ1969 ጄ. ሲ. ኤች. ጆንስ የተባሉ ምሁር በአንድ የካናዳ የኢኮኖሚክስ መጽሔት ላይ ስለ ኤንኤችኤል፣ ማለትም ስለ ሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ ጥናት አወጡ። ክለቦቹን ያዩዋቸው እንደ ትርፍ ፈላጊ ድርጅት ነው። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን ለየት ያሉ ድርጅቶች ናቸው። ባለሱቅ ጎረቤቱ ቢዘጋ ገበያው ይደራለታል። የሆኪ ክለብ ግን ተጋጣሚ ከሌለው የሚሸጠው ጨዋታ የለውም። ስለዚህ ሜዳ ላይ ይፋለማሉ፣ ቢሮ ውስጥ ይስማማሉ።

አንዱ ስምምነታቸው ያቺ አንቀጽ ነበረች። ተጫዋቹ ውሉ ቢያልቅም የሚፈርመው ለዚያው ክለብ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። ካልሸጡት ወይም ካላሰናበቱት ሌላ ደጅ ማንኳኳት አይችልም። የዲትሮይቱ ኮከብ ቴድ ሊንዚ በ1957 የተጫዋቾች ማኅበር ለማቋቋም ተነሣ። በዚያው ዓመት ለቺካጎ ተላልፎ ተሰጠ።

በ1972 ተፎካካሪ ሊግ መጣ። ቦቢ ሃል ቺካጎን ትቶ፣ 1 ሚሊዮን ዶላር የፊርማ ገንዘብ ተሰጥቶት ወደ ዊኒፔግ ሄደ። የቀድሞ ክለቡ በፍርድ ቤት አሳገደው። በኅዳር ወር ግን የፊላደልፊያው ዳኛ ሊዮን ሂጊንቦታም ኤንኤችኤል አንቀጿን እንዳያስፈጽም አገዱ። ሊጉ «ከተጫዋቾች ጋር የተስማማንበት ነው» ብሎ ተከራክሮ ነበር። ዳኛው አልተቀበሉትም፤ በእውነት ተደራድረው የደረሱበት ስምምነት አልነበረምና።

«ገደብ ከሌለ ሀብታሙ ክለብ ኮከቡን ሁሉ ይጠቀልላል» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ውኃ የሚያነሳ ነው። በ2005 ለአንድ ክለብ የ39 ሚሊዮን ዶላር የደመወዝ ጣሪያ ተደንግጓል፤ ለዚያውም የ2004-05 ውድድር ሙሉ በሙሉ ከተሰረዘ በኋላ። ተጫዋቾቹ ጣሪያውን ወደዱት አልልም። ግን በማኅበራቸው በኩል ተደራድረው፣ ድምፅ ሰጥተው ተቀበሉት። ለእኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ገደብ ሁሉ ግፍ አይደለም፤ አንተ ሳትኖር የተጻፈብህ ገደብ ግን ግፍ ነው።

ጋዜጠኝነት ስንማር «ማን? ምን? ለምን?» ብለን እንድንጠይቅ ተነግሮናል። ስፖርት ላይ ስንደርስ ግን «ማን አገባ?» ላይ እናቆማለን። እስቲ አንዳንዴ ውሉንም እናንብብ።

እናንተስ? ነገ ሥራ ስትቀጠሩ የምትፈርሙትን ወረቀት ማን ጻፈው? ሲጻፍ ጠረጴዛው ዙሪያ ስለ እናንተ የሚናገር ሰው ነበረ?