«ከእኔና ከሞተሩ ምረጥ» አለችኝ

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከወደ ሀዋሳ ነው። ጸሐፊው ስሜ አይጠቀስ ብሏል፤ እኛም እንደ ልማዳችን አንጠቅስም። በሞተር ሳይክል ዕቃ እያደረሰ የሚተዳደር ወጣት ነው። ፍቅረኛ አለችው፤ ሽማግሌ ስለ መላክ ሁሉ ተነጋግረዋል። ታዲያ ምን አጣላቸው መሰላችሁ? የሞተሩ ካቴና!

ነገሩ እንዲህ ነው። ካቴናው ላልቶ በየመንገዱ እየወለቀ ሲያስቸግረው ሠፈሩ ካለ ጠጋኝ ዘንድ ወስዶ «ጥብቅ አድርግልኝ» ይላል። ሰውየውም ጥብቅ አደረገለት። «አሁን በጣት ብትጫነው ፍንክች አይልም» ይላል ልጁ በኩራት። ብቻውን ሲነዳ ምንም የለም። እሷ ስትፈናጠጥ ግን ከሥር «ግርርር» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ መንገዱ ጎርበጥ ሲል ይብሳል። ሁለት ሦስት ጊዜ ነገረችው፤ ሳቀባት። ባለፈው እሑድ ወደ አሞራ ገደል ሊወስዳት ቢመጣ አልወጣም አለች። ጭራሽ «ከእኔና ከሞተሩ ምረጥ» አለችው። «ብትወደኝ በካቴና ድምፅ ትጣላኝ ነበር? ወይስ ሌላ ሰው ይዛ ይሆን?» ሲል ይጠይቀኛል።

ወንድሜ፣ ሌላ ሰው ትያዝ አትያዝ እኔ በምን አውቃለሁ? ስለ ካቴናው ግን ልክ ነች።

ይህን የምልህ ደርሶብኝ ነው። ከዓመታት በፊት እኔም ሞተር ነበረችኝ። ካቴና ማጥበቅ ማለት እንደ ክራር ጅማት መወጠር ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ታናሽ እህቴን አፈናጥጬ ከሻሸመኔ ስመጣ፣ ጥቁር ውሃ ልንደርስ ስንል አንድ ጉብታ ሳላይ ዘለልኩበት። ስናርፍ ካቴናው ቷ! ብሎ ተበጠሰ። ተበጥሶ ቢወድቅ እኮ ጥሩ ነበር። የፊተኛው ጥርስ ላይ ተጠቅልሎ የሞተሩን ሽፋን ሰነጠቀና የኋላ ጎማውን ቀጥ አደረገው። ወደቅን። እኔ ክርኔ ተላጠ፤ የእህቴ የግራ እጅ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጄሶ ቆየች፤ የዚያን ዓመት ፈተናም አመለጣት። እሷም ቢሆን ከመውጣታችን በፊት «ይህ ነገር ምንድነው የሚጮኸው?» ብላኝ ነበር።

ካቴና ለምን መላላት አለበት? የኋላው ጎማ አንድ ቦታ ተቸንክሮ አይኖርም። ሰው ሲቀመጥ፣ ጉድጓድ ሲገጥም፣ ጎማውን የያዘው ሹካ ይወጣል ይወርዳል። የፊተኛው ጥርስ መካከል፣ የሹካው ማጠፊያና የጎማው ፐርኖ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ ሲውሉ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ያለው ርቀት ከሁሉም ይበልጣል። ካቴናው ግን እንደ ላስቲክ አይለጠጥም። ባዶውን ሳለ ትርፍ ካልተተወለት፣ ሁለተኛ ሰው ሲጨመር መሄጃ ያጣና ኩሽኔታውን ይጎትታል፣ ጥርሱን ይበላል፣ መጨረሻ ላይ ራሱ ይበጠሳል። ድምፁ እሷ ስትቀመጥ ብቻ የሚመጣው ለዚህ ነው። ከመጠን በላይ የላላው ደግሞ ይወልቃል፤ እሱን አይተኸዋል።

እንግዲህ ሞተሩን አጥፋና ማርሹን ዜሮ አድርግ። የታችኛውን የካቴና መስመር፣ ከሁለቱ ጥርሶች መሃል ላይ፣ በጣትህ ወደ ላይና ወደ ታች ግፋ፤ አጠገቡ ማስመሪያ ያዝ። ለብዙዎቹ ትንንሽ የከተማ ሞተሮች ጠቅላላ እንቅስቃሴው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የአንተው ልክ ግን መመሪያው ወይም ሹካው ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ላይ አለ፤ ከእኔ ይልቅ እሱን እመን። አንድ ቦታ ለክተህም አትተው። ካቴና እኩል አያልቅም፤ ስለዚህ ጎማውን በእጅህ እያዞርክ በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልግና እዚያ ለካ። እኔ ጉድ የሆንኩት የላላው ቦታ ላይ ለክቼ ስወጥር ነው።

ከዚያ የፐርኖውን ዳዶ አላላ። ግራና ቀኝ ያሉትን ማስተካከያዎች ሩብ ሩብ ዙር፣ እኩል እኩል መልስና ጎማውን ወደ ፊት ግፋው። ሹካው ላይ የተቀረጹት ምልክቶች በሁለቱም በኩል አንድ መሆናቸውን እይ፤ አለዚያ ጎማው ይጣመማል። ዳዶውን ካጠበቅህ በኋላ ደግመህ ለካ፤ ሲጠብቅ ልኩ ይለወጣልና። የኋላ ፍሬንህ በዘንግ የሚሳብ ከሆነ ጎማው ወደ ፊት ሲሄድ ይላላል፤ እሱንም አስተካክል። ይህን ረስቶ መንገድ የሚወጣ ስንት አለ መሰላችሁ!

ድምፁ ከዚህ በኋላም ካልጠፋ ኩሽኔታው ተጎድቷልና ለጥሩ መካኒክ አሳይ። ካቴናውንም ከኋላው ጥርስ ጫፍ ላይ ወደ ውጭ ሳበው፤ የጥርሱ ግማሽ ከታየህ አልቋል። ካቴናውንና ሁለቱን ጥርሶች አብረህ ቀይር። ኪስ ይጎዳል፣ አውቃለሁ። አዲሱ በክሊፕ የሚገጠም ከሆነ የክሊፑ ዝጉ ጫፍ ወደ ካቴናው መሄጃ ይዙር።

የተቃጠለ ዘይት መቀባቱንም ተው፤ ቆሻሻውን ይዞ ጥርሱን ይሞርዳል። በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ አጽዳ፣ አድርቅ፣ 90 ቁጥር ዘይት በስሱ ቀባ። በየ500 ኪሎ ሜትሩ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ቶሎ ቶሎ። አደራህን ሞተሩን አስነሥተህ፣ ማርሽ አስገብተህ በጨርቅ እንዳትጠርግ፤ ጣትህን ይወስደዋል።

ሁሉን ስትጨርስ ልጅቷን ጥራት። መጀመሪያ ስለሳቅህባት ይቅርታ ጠይቃት። ሞተሩ እንደጠፋ አንተ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ተቀመጡና ጓደኛህ ካቴናውን በጣቱ ይግፋ። ያኔም ትንሽ መንቀሳቀስ አለበት። አሞራ ገደል መሄድ አለመሄዱን እሷ ትወስን፤ የዓሣውን ሒሳብ ግን አንተ ክፈል።