የዕድር ዳኞችና አባላት ሆይ፣ የስኳር ምርመራን አጀንዳ አድርጉት

«ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» እየተባለ ስንቱ ደሃ ሳይመረመር ቀረ! የዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ለ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓለም 589 ሚሊዮን አዋቂዎች የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ከአምስቱ አራቱ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። በእኛም አገር የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሲታ የገጠር ሰዎችን ለዓመታት አክመዋል፣ አጥንተዋል። ኬክና ለስላሳ የጠገቡ ሰዎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ በችግር ያደጉ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውለው የከተማ ነጋዴ፣ ሹፌርና የቢሮ ሠራተኛም አላመለጠም።

ሁሉንም ቢነካም ጫናው እኩል አይደለም። አንዱ ኢንሱሊኑን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣል። መብራት በሌለበት ቤት ያለች እናት ግን የልጇን ብልቃጥ በሸክላ ዕቃ አድርጋ፣ ዙሪያውን እርጥብ አሸዋ ሞልታ፣ አሸዋው እንዳይደርቅ ጠዋት ማታ ውሃ ታርከፈክፍበታለች። መድኃኒቱ ሲያልቅ ለመሳፈሪያ ትበደራለች። ብድሩን ካጣች ልጁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞትባት ይችላል።

ዕድራችን ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሬሳ ይሸኛል። ከዚያው የገንዘብ ሣጥን ለሕያዋንም ይውጣ! በሚቀጥለው ወርኃዊ ስብሰባ የምርመራ ቀን ቁረጡ። ከጤና ጣቢያ ነርስ ጋብዙ፤ የመለኪያውን ስትሪፕ ዕድሩ ይግዛ። አባላት በጠዋት፣ ቢያንስ ስምንት ሰዓት ከምግብ ተከልክለው ይምጡ፤ ውሃ መጠጣት ይችላሉ። የደም ስኳሩ 126 mg/dL እና ከዚያ በላይ የተገኘበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ምርመራውን ይድገም። ቶሎ ቶሎ የሚሸና፣ ውሃ የማያረካው፣ እየበላ የሚከሳ ሰው ካለ ግን ቀኑን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ይታይ።

ሕመሙ ያለባቸው በዚያው የምርመራ ቀን ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ያሳዩ። የደነዘዘ እግር እሾህ ቢወጋው አይሰማውም፤ ችላ የተባለች ቁስል እግር እስከ ማስቆረጥ ታደርሳለች። ጸበል የሚሄድ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ፤ ጿሚም አወሳሰዱን አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ለመድኃኒትና ለመሳፈሪያ ላጠረው አባል የሚሆን አነስተኛ መጠባበቂያም በቃለ ጉባኤ ይጽደቅ። የማህበረሰብ ጤና መድን የሌላቸውን ጸሐፊው ይመዝግብና ወደ ቀበሌ ይዟቸው ይሂድ።

ስብሰባችሁ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ዛሬ ለዳኛው ደውላችሁ አጀንዳውን አስይዙ።